በነርስ እጅ ያደጉ

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ጎረቤቶቿ ሁላችንም ሲስተር ስለምንላት፣ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የጡረታ ቢሮው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ የምኖረው ከእሷ በታች ባለው ፎቅ ላይ ነው፤ ይህን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የነገረችኝም እሷው ናት።

ከመዳፍ የማይበልጥ ሕፃን በሁለት ጣት ደግፋ፣ ክር በመሰለች ቱቦ ወተት እየሰጠች፣ ትንፋሹን በዓይኗ እየቆጠረች የኖረች ሴት ናት። ጡረታ በወጣች ሰሞን እጇ ሥራ ፈታ። ያልቆሸሸ መስታወት ትወለውላለች፤ የታጠፈ ፎጣ ዘርግታ መልሳ ታጥፋለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ዘመድ አለኝ የምትለው የሟች ታናሽ ወንድሟን ሚስት ብቻ ነበር።

ይህችን ሴት "ሙሽራ" ነበር የምትላት። በሠርጓ ሰሞን ያወጣችላት ስም ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ባሏም ሞቶ እንኳ ሙሽራ እንደሆነች ቀረች። ሙሽራም በፋንታዋ "እትዬ" ትላታለች። ወንድምየው ታሞ ሲተኛ ተራ እየገቡ ያስታመሙት ሁለቱ ናቸው። እሱ ከሞተ በኋላ ሙሽራ የቤቷን ምድር ቤት አጽድታ ውሻ ማርባት ጀመረች። ፀጉራም የሆኑ፣ ሰው ቤት ውስጥ የሚያሳድጋቸው ትንንሽ ዝርያዎች ናቸው። ትንሽ ይሁኑ እንጂ ደረታቸው ሰፋ ያለ፣ ዓይናቸው ንቁ፣ ሲበሉ ሳህኑን እየገፉ ግድግዳ የሚያደርሱ ነበሩ።

አንድ ቀን ጠዋት የሲስተር ስልክ ጮኸ።

"እትዬ፣ አንዷ አይጥ አክላ ተወለደች። እናቷም ገፍታታለች። አትተርፍም መሰለኝ፣ ልተዋት ነው።"

"እንዳትነኪያት! መጣሁ።"

የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳታስር ደረሰች። የጫማ ካርቶን አስመጣች፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ ከታች አደረገች፤ ቡችላዋን የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። ሰማንያ ግራም። ካርቶኑን አቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደችና በየሁለት ሰዓቱ በሲሪንጅ ወተት ጠብ እያደረገች ታጎርሳት ጀመር። በአሥራ አራተኛው ቀን ቡችላዋ ዓይኗን ገለጠች። ጥቁር ሆና አንድ የኋላ ጣቷ ብቻ ነጭ ነበር። ሲስተር መዳፍ ላይ ስትቀመጥ የካፖርት ቁልፍ ስለምትመስል ስሟ "ቁልፍ" ተባለ።

እኛም ለውጡን አየን። አንገቷን ደፍታ ደረጃ ትወጣ የነበረችው ሴት ከሩቅ "እንዴት አደራችሁ!" ማለት ጀመረች። ካርቶኑን ከፍታ ሳታሳየን የምታሳልፈን ቀን አልነበረም።

ቁልፍ ሦስት ወር ሲሞላት ሲስተር ልታስቀራት አስባ ነበር። ሙሽራ ግን ቀደመቻት። "አንድ ደህና ቤተሰብ ፈልጓታል፣ እትዬ። ልጅ የላቸውም፤ አልጋቸው ላይ ነው የሚያስተኟት።" ሲስተርም "ይሁን፣ እሷ ከደላት ምን እፈልጋለሁ" ብላ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ እየበዙ መጡ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ አንድ ቡችሎች በዚያ ካርቶን ውስጥ አለፉ። አራቱ መዳፏ ላይ ሞቱ። ሲስተር ግራ ገባት። "ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያንሱት? ምግቡ ይሆን እንዴ?" ስትል ሙሽራን ትጠይቃለች።

"እኔንጃ እትዬ፣ የኔ ዕድል ሆኖ ነው። አንቺ ባትኖሪ አንዱም አይተርፍልኝም ነበር።"

ይህች ቃል ሲስተርን ሳምንት ሙሉ ታኖራት ነበር።

ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ሁልጊዜ የሚቆለፍ አንድ ዕቃ ቤት አለ። ሲስተር አንድ ጊዜ ፎጣ ስትፈልግ እጀታውን ብትይዝ ሙሽራ ክንዷን ያዘቻት። "የወንድምሽን ልብስ ነው ያስቀመጥኩበት፣ እትዬ። ሲከፈት አልችልም።" ሲስተር እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። የሰው ሐዘን በግድ አይከፈትም ብላ ከዚያ ወዲያ በዚያ በር በኩል ስታልፍ እንኳ እርምጃዋን ታለሳልስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባልና ሚስት ቡችላ ሊገዙ መጡ። ሙሽራ ስልክ ላይ ስለነበረች ሲስተር ተቀበለቻቸው። ምድር ቤቱ ወለል ላይ አንድ ቡናማ ወንድ ቡችላ ነበር፤ እንደገቡ የባልየውን የጫማ ማሰሪያ ነክሶ ይጎትት ጀመር። ጤና ማለት እሱ ነው።

"ይሄ ግን ያድጋል፣ አይደል?" አለች ሚስትየዋ።

"እንዴት አያድግም? ጤነኛ እኮ ነው!"

"እኛ የምንፈልገው የማያድግ ነው። ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ዓይነት።" ዓይኗ ሲስተር ከቤቷ ይዛው በመጣችው ካርቶን ውስጥ ያለችው ሚጢጢ ቡችላ ላይ አረፈ። "እቺስ?"

"እቺማ አትሆንሽም፣ ልጄ። እርግብግቢቷ አልገጠመም፤ ከወንበር ብትወድቅ አበቃላት። ሳትበላ ትንሽ ከቆየች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ገና ብዙ ትታመማለች።"

"ውይ፣ ስታሳዝን! እንግዲያማ የምወስደው እሷን ነው።"

ባልየው ማሰሪያውን ከቡናማው አፍ አላቀቀና በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ሲስተር ስለ በሽታ በተናገረች ቁጥር የሴትየዋ ፊት ይበልጥ ይለሰልስ ነበር።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሙሽራ ኩሽና ውስጥ "እትዬ፣ ደንበኛ ታስፈራሪያለሽ እኮ" አለቻት።

"የት ፈሩ? ይባስ ወደዷት እንጂ!"

ሙሽራ ሳቀች። ሲስተርም አብራት ሳቀች። በኋላ ስትነግረኝ ከሁሉም ይቅር ልትለው ያልቻለችው ያንን የራሷን ሳቅ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በእንስሳት ሐኪም ቤት ነው። ሙሽራ ስላልተመቻት ሲስተር አንዷን የምታስል ቡችላ ይዛ ሄዳ ወረፋ ትጠብቃለች። አጠገቧ አንዲት ወጣት ሴት በነጠላ የጠቀለለቻት ሚጢጢ ውሻ ይዛ ተቀምጣለች። የውሻዋ እግር በፋሻ ታስሯል።

"ምን አገኛት?"

"ከሶፋ ዘላ ነው፣ እማማ። ይሄ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ ባለፈው የፊት እግሯ ነበር የተሰበረው።"

"ታሳዝናለች። ከየት አገኘሻት?"

"አንዲት ሴትዮ አለች፤ አምስት ወር ተራ ጠብቄ ነው። ሌሎቹ ጋ ያሉት ትንሽ ናቸው እየተባለ ይገዛሉ፣ ከዚያ ያድጋሉ። እሷ ግን አውቃበት ነው የምታራባቸው፤ ትንሿን ከትንሹ ጋር። ደግሞ የራሷ ነርስ አለቻት፤ እኔ የተማመንኩት በዚያ ነው። ይዩት።"

ስልኳን አቀበለቻት። ፎቶው ላይ ፊት የለም፤ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፣ አንድ ቡችላ በሲሪንጅ የሚያጎርሱ። የቀኙ አውራ ጣት ላይ ጠባሳ አለ። ሲስተር ያንን ጠባሳ ያገኘችው ሥራ ላይ ሳለች የሕክምና ዕቃ መቀቀያው እንፋሎት ሲያቃጥላት ነው። ከሥሩ "በሕፃናት ነርስ እጅ ያደጉ፣ የማያድጉ ቡችሎች" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያደጉ፣ የማያድጉ። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ካፖርቷ ኪስ ከተተች፤ የሰረቀችው ዕቃ እንዳይታይባት የምትደብቅ ይመስል። ነጠላ ውስጥ ያለችው ውሻ ግን አፍንጫዋን ወደዚያ ኪስ ዘርግታ ታሸት ጀመር።

"አይ፣ እንዲህ ለሰው አትቀርብም ነበር!" አለች ወጣቷ ተገርማ።

ሲስተር ተራዋን ሳትጠብቅ ተነሣች። በመንገድ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ታመላልስ ነበር፤ ትንሿን ከትንሹ ጋር። ምድር ቤቱ ውስጥ የምታያቸው እናቶች እኮ ሁሉም ደረታቸው ሰፊ፣ ደልዳሎች ናቸው። ታዲያ ትንሿ እናት የታለች?

ሙሽራ ፎጣ ስታሰጣ አገኘቻት። የያዘቻትን ቡችላ አስረከበቻትና "ዕቃ ቤቱን ክፈቺልኝ" አለቻት።

"ምነው እትዬ?"

"የወንድሜን ልብስ ማየት አማረኝ።"

ሙሽራ ቀና ብላ አየቻት። የያዘችውን ፎጣ ገመዱ ላይ ጣለች። ከቀሚሷ ኪስ መክፈቻ አውጥታ በሩን ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ማሞቂያ አለ፣ ውሃ አለ፣ የታጠበ ጨርቅ አለ። ሲስተር እንደነገረችኝ ቆሻሻ ቢሆን ይቀላት ነበር። አራት የሽቦ ቤቶች ተደርድረዋል። ሦስተኛው ውስጥ አንዲት ጥቁር ውሻ በጎኗ ተኝታለች፤ ሆዷ ከሌላው ሰውነቷ ይበልጣል፤ ፀጉሩ በተላጨበት ቦታ የድሮ ስፌት ይታያል። አንድ የኋላ ጣቷ ነጭ ነው።

"ቁልፍ?"

ውሻዋ ልትነሣ ሞከረች፤ ሆዷ ከበዳትና ጅራቷን ብቻ ወለሉ ላይ መታች።

ሲስተር ጎንበስ ብላ ጣቷን በሽቦው አስገባች። ሳትዞር "ልጅ የሌላቸው ሰዎች ወሰዷት አላልሽኝም?" አለች።

"ምን ልበልሽ ታዲያ?"

"እውነቱን!"

"እውነቱን ብነግርሽ ትመጪ ነበር?" ሙሽራ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ጤነኞቹን ማን ዞር ብሎ አያቸው? አንቺም በዓይንሽ አይተሻል። ያ ቡናማው ይኸው እስከ ዛሬ እግሬ ሥር ይዞራል። ሰው የሚፈልገው ይቺን ነው፤ እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት። ምን በደልኳቸው? ይበላሉ፣ ይሞቃቸዋል።"

"እጄንስ? እጄን ማን ፎቶ አንሺው አለሽ?"

"የምታውቂ መስሎኝ ነበር።"

"ሙሽራ!"

"እሺ፣ አታውቂም ነበር። ግን እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ አንዱም አይተርፍልኝም ነበር ስልሽ ዋሸሁሽ? እሱ እውነት ነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እኮ እንዲህ ያሉት ሁሉ ይሞቱ ነበር፤ ይህን ሥራ ማን ያስበው ነበር?"

ሲስተርን የጣላት ይህ ነው። ሳምንት ሙሉ ያኖራት የነበረው ቃል ያው ራሱ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠበትም።

"የወንድሜ ልብስስ?" አለች በመጨረሻ።

"ድሮ ሰጥቼዋለሁ፤ በሞተ በሁለተኛው ወር።"

ሲስተር ሽቦውን ከፍታ ቁልፍን በካፖርቷ ጠቀለለቻት።

"እትዬ፣ እርጉዝ ናት እኮ! ልትወልድ ሳምንት ነው የቀራት!"

"ለዚሁ ነው የምወስዳት።"

ሙሽራ አልከለከለቻትም። በሩ ድረስ ተከትላ "ተቆጥተሽ ነው፤ ይበርድልሻል" ብቻ አለቻት።

ቁልፍ በስድስተኛው ቀን በኦፕራሲዮን ወለደች። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ሞቶ ወጣ፣ አንዱ በማግስቱ ሞተ፣ አንዷ ተረፈች። ሐኪሙ በዚያው ዳግመኛ እንዳትወልድ አደረጋት። ሲስተር እናትና ልጅን ቤቷ አስቀመጠቻቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ካርቶኑን ከፍታ ማሳየት ተወች።

ሙሽራ ለአንድ ወር ያህል ጠፋች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለች። እኔ በአጋጣሚ ሲስተር ቤት ተቀምጬ ስለነበር በጆሮዬ ሰማሁ።

"እትዬ፣ ሁለት ተወልደዋል። አንዱ እየቀዘቀዘብኝ ነው፣ ድረሽልኝ።"

ሲስተር አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ ነበር። ቆም አለች። "የእጄን ፎቶ ከማስታወቂያሽ አወረድሽው?"

"አሁን ስለ ፎቶ ነው የምታወሪኝ? እየሞተ ነው እኮ!"

ካፖርቱን አወለቀች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም። "አልመጣም። ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ ልብስሽ ውስጥ። ሳይሞቅ ወተት እንዳትሰጪው። አፉን በጣትሽ ስትነኪው ቀዝቃዛ ነው? እንግዲያው ጠብቂ። አሁን ድዱን ስኳር ቀቢው፤ በትንሹ፣ በትንሹ አልኩሽ! አንገቱን እንዳታቃኚው።" ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ መራቻት፤ ሲሪንጁን በስንት ዲግሪ እንደምታዘነብል፣ ጠብታውን እንዴት እንደምትቆጥር፣ እንዴት እንደምታስገሳው። የሠላሳ አንድ ዓመት እውቀቷን በስልክ አፈሰሰችላት። ከወዲያ ማዶ "ዋጠ! እትዬ፣ ዋጠ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደገፈች።

ሙሽራ ከዚያ ቀን በኋላ ደውላ አታውቅም። ለምን ትደውላለች? ሙያውን ተቀብላለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሲስተር ቁልፍን ለማስመርመር ያው ሐኪም ቤት ስትሄድ ያቺን ወጣት አገኘቻት። የውሻዋ እግር ድኗል፤ አሁን ደግሞ የሚጥል በሽታ ጀምሯታል። ሲስተር በዚህ ጊዜ እጇን አልደበቀችም። አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ስለ ስፌቱ፣ መዳፏ ላይ ስለሞቱት ሁሉ ነገረቻት፤ አውራ ጣቷን ዘርግታም "ያቺ ነርስ እኔ ነኝ" አለቻት።

ወጣቷ እንባዋ መጣ። የሲስተርን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና "እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ሁልጊዜ አመሰግንዎት ነበር" አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ እዚያው ተመዝግባ ሰባት ወር ሆናት፤ ከዚህችም የምታንስ ውሻ ትፈልጋለች። እርስዎ ቢነግሩላት ወረፋው አይፈጥንላትም?" ስትል ጠየቀቻት።

ሲስተር እጇን ከወጣቷ እጅ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች። ተራዋ ሲጠራ ተነሥታ ገባች።