ብሮንዌን ዝም ያለችበት ቅዳሜ

በፔንዌርን ከተማ ብሮንዌን ፕሮሰርን ዝም ስትል ያየ ሰው የለም። ጥርስ ሐኪሙ እንኳ አላየም። ሁለት እጁን አፏ ውስጥ ከቶ ሳለ የጎረቤቷን ጣሪያ ማፍሰስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደተረከችለት እሱ ራሱ ሉካንዳ ቤት ወረፋ ይዞ ተናግሯል። ባሏ ኤምሊን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አውቶቡስ ነጂ ነበር። «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከአውቶቡሱ ነቅሎ አምጥቶ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው ይባላል። እሷም ቆማ አነበበችና ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር እንዴት እንደሚሄድ እራቱ እስኪቀዘቅዝ አወራችለት።

ክፉ ሴት ግን አይደለችም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ታድል ነበር፤ ድንች ስትጨምርላቸው ወሬም አብራ ትጨምርላቸው ነበር። አሁን ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ባለው የሰልቫጅ ሱቅ በነጻ ታገለግላለች። ሱቁ ሰው የሰጠውን ልብስ፣ ሳህንና መጽሐፍ ይሸጣል፤ ገቢው ቁስል ያለ ጠባሳ የሚድንበትን መንገድ ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች ይሄዳል። እኛ ዘንድ መቼም መንግሥት ያልደረሰበትን ሳይንስ አሮጊቶች በኬክና በአሮጌ ሹራብ ይደርሱበታል።

እዚህ ሥራ ውስጥ የገባችው በኔስታ ምክንያት ነው። ኔስታ የልጇ የዴሊት ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ስድስተኛ የልደት ቀኗ ላይ ገና የፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቀኝ እጇ ላይ ተደፋ። ከመዳፏ እስከ ክርኗ ቆዳዋ ተገፈፈ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ማን እንዳስቀመጠው በዚያ ቤት የሚያነሳ የለም። ብሮንዌን ናት፤ ወሬ ይዛ ረስታው።

ሆስፒታል ውስጥ ፋሻው ሲፈታ ልጅቷ እጇን አየች፣ ከዚያ አያቷን አየች።

«ማምጊ፣ ይጠፋል?» አለቻት። አያቷን ማምጊ ነው የምትላት።

ብሮንዌን በዕድሜዋ መልስ አጥታ አታውቅም። «ይጠፋል እንጂ የኔ ቆንጆ! ሳይንቲስቶቹ መድኃኒቱን እየሠሩ ነው። ገንዘቡን ማምጊ ትሰበስባለች፣ እነሱ ይጨርሱታል፣ እጅሽም እንደ ድሮው ይሆናል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያላደረገችው ነገር የለም። ኬክ ጋገረች፣ ማርማላታ ሠራች፣ በዝናብ ተራራ ወጣች። አንዴ የበግ ልብስ ለብሳ መንገድ ለመንገድ ስትለምን የአንድ ገበሬ ውሻ እውነተኛ በግ መስላው ከመንጋው ጋር ቀላቅሎ እስከ በረቱ ነዳት። ውሻውን መንገዱን ሁሉ ስትመክረው ሄደች ይላሉ ያዩ ሰዎች።

ልጅቷ ግን መጠበቅ ያዘች። ችግሩ ይሄ ነው። ዋና እንሂድ ሲሏት «እጄ ሲድን» ትላለች። ፒያኖ ተማሪ ሲሏት «እጄ ሲድን»። በሙቀት እጅጌሽን ሰብስቢ ሲሏትም ያው ነው። ሐኪሞቹ እጁ ድኗል ብለው ካሰናበቷት ቆይቷል፤ ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ እርሳስ ይይዛሉ። እሷ ግን ልጅነቷን በቀጠሮ አስቀምጣ ረጅም እጅጌ ለብሳ ትጠብቃለች። እናቷ ዴሊትም ምን ትበል? አያትየው ቃል ገብታለች።

በመጋቢት ተመራማሪዎቹ ገንዘብ አሰባሳቢዎቹን ላቦራቶሪያቸው ጋበዟቸው። ፋርዛና የምትባል ወጣት ዶክተር አስጎበኘቻቸው።

«ማህፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ቆዳው ቢቆስል ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይቀር ይድናል» አለች ዶክተሯ። «አፋችን ውስጥም እንደዚያው፤ ቶሎ ይድናል፣ ጠባሳውም ያን ያህል አይታይም። ምስጢሩን እዚያ ነው የምንፈልገው።»

«አፍ ከሆነ የምትፈልጉት የኔን ውሰዱት!» አለች ብሮንዌን። «ያለ እረፍት ሲሠራ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ አንድ ጭረት የለበትም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዶክተሯም ሳቀች። ብሮንዌን በሳቁ መሀል፣ እግረ መንገዷን እንደምትጠይቅ ሰው፣ «እና የልጅ ልጄ እጅ ለዚህ ክረምት ይደርስ ይሆን?» አለች።

ዶክተሯ ሳቋን አቆመች። «ሚስስ ፕሮሰር፣ እኛ የምንሠራው በትኩስ ቁስል ላይ ነው» አለቻት ቀስ ብላ። «ቆዳው ሲዘጋ ለምን አጉል አድርጎ እንደሚገጥም ለማወቅ ነው። ቆይቶ የደረቀ ጠባሳ ሌላ ነገር ነው። ማለሳለስ ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም። ሥራችን ቢሳካ እንኳ ገና ለሚቆስሉት ነው የሚሆነው፤ ያውም ስንት ዓመት ቆይቶ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሾፌሩ የሌላ ከተማ ሰው ስለነበረ ምን ዓይነት ተአምር እንደጫነ አላወቀም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ነገሩን ዋጠችው። ለዴሊት አልነገረች፣ ለኔስታ አልነገረች። ኬኩን ብቻ በእጥፍ ጨመረችው።

በኬኩ ብዛት የተማረረው መጀመሪያ ኢድዋል ነው፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሉካንዳ።

«ብሮን፣ በናትሽ በቃን!» አላት። «ሱሪዬ እምቢ ብሎኛል። ይልቅ አንድ ቀን ሙሉ ዝም በይና ከማንም አብልጬ እሰጥሻለሁ።»

«ዝምታ ይሸጣል እንዴ?»

«የማንም አይሸጥም። ያንቺ ግን በወርቅ!»

የኢድዋል ሐሳብ በአንድ ከሰዓት ከተማውን አዳረሰ። ለኬኩ ሳንቲም ሲቆጥር የነበረ ሰው ሁሉ ለዝምታዋ ኪሱ ተፈታ። ፓስተሩ ስብከታቸውን አንድም እሑድ ሳታቋርጣቸው ጨርሰው እንደማያውቁ አስታወሱና ደህና አድርገው ቃል ገቡ። ጥርስ ሐኪሙማ ከነሚስቱ ተመዘገበ። «ዝም አይነቅዝም፣ ብሮን!» እያለ የሚያልፈው ሁሉ መከራት፤ እሷም ለእያንዳንዱ ስለ ዝምታ ጥቅም ረጅም ማብራሪያ ሰጠች።

ደንቡ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ሱቁ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ከመስታወቱ ጀርባ ሰው እያያት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኢድዋል «ጽሑፍም ወሬ ነው» ብሎ ወረቀትና እርሳስ አስከለከለ። ራስ መነቅነቅ ብቻ ተፈቀደላት። አንዲት ቃል ካመለጠቻት ቃል የገባ ሁሉ ቃሉን ያነሳል። ለዳኝነት አብራት በሱቁ የምታገለግለው ሙሪየል ፊሽካ ተሰጣት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው እንደ ሰርግ ቤት ጎረፈ። አብዛኛው የመጣው ሊያስታት ነው። ኢድዋል በሽርጡ እንዳለ መስታወቱ ላይ ተደግፎ፣ «ብሮን፣ መቼም ሙት አይወቀስም፤ ኤምሊን ግን በልቡ የባላንጣችን የእንግሊዝ ራግቢ ቡድን ደጋፊ ነበር። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ» አላት። ብሮንዌን እንደ ቀይ ሥር ቀላች፤ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ሙሪየልም ዕድሉን አላሳለፈችም። ከብሮንዌን ጋር መሥራት ከጀመረች አንስቶ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሳት ስለማታውቅ፣ ፊሽካዋን በከንፈሯ ጥግ እንደያዘች የዳሌዋን ቀዶ ጥገና ከመርፌው ጀምራ እስከ ምርኩዙ ተረከችላት። እንዲህ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዴሊት ልጆቿን ይዛ መጣች። «እናቴ፣ መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ኔስታንና ገና መቆም የጀመረውን ቶሞስን ትታላት ሄደች። ቶሞስ ወለሉ ላይ ተለቀቀና ያገኘውን ሁሉ ይጎትት ጀመር። ኔስታ የተሰቀሉትን ልብሶች ስታገላብጥ ቆየችና ሰማያዊ የዋና ልብስ ይዛ አያቷ እግር ሥር መጥታ ተቀመጠች።

«ማምጊ፣ ይቺን ለማንም እንዳትሸጪብኝ» አለች። «በሐምሌ ክፍላችን ባሕር ይሄዳል። ለመምህሬ እሄዳለሁ ብያታለሁ። የዛሬው ገንዘብ በጣም ብዙ ነው አሉ፤ መድኃኒቱ እስከዚያ ይደርሳል አይደል?»

ብሮንዌን አየቻት።

«እንዳትናገሪ! እንዳትናገሪ!» አለች ልጅቷ ጣቷን እያወዛወዘች። «ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ። ይደርሳል?»

ራስ መነቅነቅ ያልተከለከለ ነው። ወደ ታች አንዴ ብቻ። ገንዘቡም ይገኛል፣ ልጅቷም ትስቃለች፣ እስከ ሐምሌ ደግሞ ማን ያውቃል። አንገቷ እሺ ሊል ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ሐምሌ ታያት፤ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ሲንጫጩ፣ ኔስታ አሸዋው ላይ ረጅም እጅጌዋን ለብሳ ስታያቸው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐምሌ፣ ሌላ። ወደ ጎን መነቅነቅም ይቻላል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አፍን ዘግቶ እንዴት ይነገራል?

«አይደርስም፣ የኔ እናት» አለች።

ሙሪየል ፊሽካውን ነፋችው። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ደንግጣ ስትተነፍስ አፏ ላይ ነበረ። ኢድዋል ከማዶ ደንበኛውን ጥሎ እየሮጠ መጣ፤ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ግን የሁለቱን ፊት አይቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በሐምሌ አይደርስም ወይስ ጭራሽ?» አለች ኔስታ።

«ጭራሽ። ያንቺ አይጠፋም። ዋሽቼሻለሁ። መጀመሪያ ሳላውቅ ነው፣ ከመጋቢት ወዲህ ግን እያወቅሁ ነው። ዶክተሯ ነግራኛለች። ይኸው ነው እጅሽ፤ ከዚህ የተሻለ ሌላ እጅ አይመጣም።»

«ውሸታም!»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ!»

«አዎ፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ የዋና ልብሱን ወርውራ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። ብሮንዌን ወንበሯን ትታ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሙሪየል ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችው፤ ምን እንደምታደርግበት ጨንቋት ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኔስታ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለማን ነው?»

«ገና ላልተቃጠሉት።»

«ለማናውቃቸው ሰዎች?»

«ለማናውቃቸው። አንቺ ድሮ እንደነበርሽው ዛሬ ደህና ሆነው ለሚጫወቱ፣ ነገ ለሚደርስባቸው።»

ቶሞስ በዚያ ጊዜ ሳህኖቹና የሸክላ ጌጦቹ የተደረደሩበትን የጠረጴዛ ጨርቅ ጫፉን ይዞ በደስታ ይጎትት ነበር። ሙሪየል ተወርውራ አንድ የሸክላ ውሻ ከአየር ላይ ቀለበች፤ ሌላው ወድቆ ተሰበረ። ሕፃኑ ስብርባሪው መሀል ተቀምጦ ሳቀ፤ ኢድዋል ከወለሉ ላይ ላፍ አድርጎ አነሳው። ኔስታ የወንድሟን ወፍራም ክንድ፣ ለስላሳውን፣ ምንም ያልነካውን፣ አተኩራ አየች።

«ለቶሞስም?» አለች።

«አያድርስበት እንጂ፣ ለቶሞስም።»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። ቁጣው ተመልሶ መጣ፤ ግን ሌላ ቁጣ ነው።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምታወሪው!» ብላ ጮኸች። «ገንዘቡ ይቀራል እኮ! ዝም በይ! ማምጊ፣ ዝም በይ!»

ቀኝ እጇን ከእጅጌዋ መዝዛ አውጥታ የአያቷን አፍ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ዞራ፣ «አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተችው! ለኔ ብላ ነው!» አለቻቸው።

ኢድዋል ቶሞስን እንደታቀፈ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ሙሪየልን አየ። «ሱቁ ገና አልተዘጋም» አለ። «ይቀጥል።»

እጅጌው እስከ ክርኗ ተሰብስቦ ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ሰው ቆሞ ያያል፤ ኔስታ አየቻቸው፣ አላወረደችውም። ብሮንዌን የልጅቷን ሸካራ መዳፍ ከንፈሯ ላይ ይዛ፣ እንባዋ ጣቶቹ ላይ እየወረደ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ሞልቶ ሳለ ዝም አለች።