የንግሥቲቱ እጅጌ

በስደት በምንኖርበት ጀሪፍ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊው ስለሺ ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ከጥቁር አባያቸው አንገት ስር ማተባቸው ብቅ ይላል። ስልካቸውን ለስለሺ ዘረጉለት። በተሰነጠቀው መስታወት ላይ የአንድ የድሮ የተረት ፊልም ንግሥት ቆማለች፤ የነጭ ቀሚሷ እጅጌ መሬት ይጠርጋል።

«ልክ እንደዚህ፤ እጅጌው እንዳያጥርብኝ። ካፉሪ ሰፈር፣ ተቀጥሬ የማሳድጋት የሀብታም ልጅ ለልደቷ ይህን ካልለበስኩ ብላ አልቅሳለች።»

ከዘንቢላቸው የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጡ። ስለሺ ሲዘረጋው ጥጉ ላይ በጥቁር ክር የተጠለፈ መስቀልና የክርስትና ስም አየ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ።

«እማማ! መገነዣዎን ነው እንዴ የምቆርጠው?»

እኔም ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁ። በሰው አገር የሚኖር ሰው ይህን ጨርቅ ከፓስፖርቱ አብልጦ ነው የሚጠብቀው።

«ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ እኮ ልጄ። ከጦርነቱ ወዲህ ነጩ ሁሉ ለሟች አልቋል አሉኝ። ያላ፣ ቁረጥ።»

ስለሺ እጁን ሰበሰበ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው መቀሱን አነሱ፤ መስቀሉ ያለበትን ጥግ፣ መዳፍ የምታህለውን ብቻ ቆርጠው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና የቀረውን ወደ እሱ ገፉት።

«ለእኔ ይቺ ትበቃኛለች።»