በር የማያንኳኩት አክስቴ

አክስቴ የሰው በር አንኳኩተው አያውቁም። በቀይ ሽብር ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በር የሚንኳኳው ሰው ሊወሰድ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእድራችን ሴቶች ጧሪ ላጡ አረጋውያን በየተራ ምሳ ማድረስ የጀመሩት በእሳቸው ነው፤ ጎረቤታችን አባ በዳዳ ልጆቻቸው ከተወሰዱ ወዲህ እሳት እንዳላነደዱ አይተው።

"ደጅ ቆመሽ ተጣሪ" ይሉኝ ነበር። "'እኔ ነኝ፣ ምሳ ነው' በዪ። በድንጋጤ እንዳትጨርሺያቸው።"

አንድ ቀን አብዮት ጥበቃ አስቆመን። "የተደበቀ ሰው ልትቀልቡ ነው?" ብሎ ሽሮውን በሳንጃ አማሰለው። አክስቴ ምሳ ዕቃውን ከድነው፣ "ጥርስ ለሌለው ሰው ነው፣ ልጄ። ሳይቀዘቅዝ አሳልፈን" አሉ። መንገዱን ከታጠፍን በኋላ ምሳ ዕቃውን ለእኔ ሰጥተው አጥር ተደገፉ።

አክስቴ በተቀበሩ በአራተኛው ቀን የእሳቸው ተራ ደረሰና ምሳውን እኔ ይዤ ሄድኩ። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ የአባ በዳዳን በር አንኳኳሁ። ውስጥ ሲስሉ የነበሩት ሰውዬ ቀጥ አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ምሳ ነው" አልኩ። ደገምኩት። በሩ አልተከፈተም። እሳቸው ከውስጥ፣ እኔ ከደጅ፣ ሁለታችንም የምንጠብቀው የአክስቴን ድምፅ ነበር።