ከጋለው ብረት ፊት

ሆቴሉ ውስጥ ባለው የጃፓን ምግብ ቤት አብሳዩ እዚያው እንግዳው ፊት፣ በጋለ ሰፊ ብረት ላይ ይሠራል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በዚያ ወበቅ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ሥጋው ብረቱን ነክቶ ቸስ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሳህኑ ሲቀርብላቸው ግን አልነኩትም።

«አባባ፣ አልጣመዎትም እንዴ?» አለ አብሳዩ።

«ጆሮዬ ጠግቧል፣ ልጄ» አሉ በሰለለ ድምፅ፣ ፈገግ ብለው።

ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ጉሮሮዬ ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው፤ ምግቤ በቱቦ ነው። እዚህች ብረት ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። እስቲ እርስዎ ይብሉልኝ፣ ወንድሜ።»

በዕድሜዬ የሰው ሳህን ነክቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጎረስኩ። እኔ ሳኝክ የእሳቸው መንጋጋም ባዶውን አብሮኝ ያኝክ ነበር።

«ጨውስ?» አሉኝ።

«በዝቷል» አልኳቸው፤ መዋሸት አልቻልኩም።

ፊታቸው በራ። «አውቄዋለሁ! ሲነሰንስ እጁን አይቼዋለሁ እኮ።»

ደስታቸው ግን አልቆየም። ሻርፓቸውን አጥብቀው ሳህኑን ትክ ብለው አዩት።

«ይጨርሱልኝ» አሉኝ፤ «ግን ቀስ ብለው።»