የእጅ ዋጋ

«ነይ መርፌዬ ነይ ነይ፣ ክር ይዘሽ ከኋላ...»

ከዚህ በኋላ ያለው ስንኝ ጠፍቶባታል። ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። ሰፊዋ ከነጋ ጀምሮ ይህችኑ እያንጎራጎረች ከስፌት መኪናዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ካውያው፣ ከካውያው ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ትመላለሳለች። ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አለ። የታናሽ ወንድሟ ሾፌር ነው ትናንት ያመጣላት፤ «የወንበሮቹ ልብስ ሂሳብ ነው ብለዋል ጋሼ» ብሎ።

ከፍታ አይታዋለች። የጨርቁም አለበት፣ የእጅ ዋጋዋም አለበት፤ ያውም ከማንም ደንበኛ የበለጠ። ያንገበገባት መብለጡ ነው። አንሶ ቢሆን ኖሮ፣ «ይሄ ልጅ ዋጋ አያውቅም» ብላ ትስቅ ነበር።

እናታቸው ስትሞት የወንድሟ የወተት ጥርስ እንኳ አልወለቀም ነበር። በዚያች የስፌት መኪና ነው ያሳደገችው። እሷ ትሰፋለች፤ እሱ እግሯ ስር ተቀምጦ ክሩን በምራቁ እያራሰ መርፌው ውስጥ ያስገባላታል። «እታለም፣ እንኪ!» የሚለው ድምፁ ዛሬም ጆሮዋ ላይ አለ። አሁን ትልቅ ነጋዴ ሆኗል። አዲሱን ቤቱን ሊያሳይ ሰው ምሳ ጠርቷል፤ እሷንም ጠርቷታል። ግን እንደ ምን? እንደ እህት ወይስ እንደ ተከፋይ?

ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። መንገድ ላይ ልመለስ፣ አልመለስ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ደረሰች።

ሰፊዋ ደንብ አላት፤ በከፈለ ሰው ቤት አትቀመጥም። ቆማ ትለካለች፣ ቆማ ታለብሳለች፣ እንደቆመች ትወጣለች።

ሳሎኑ ውስጥ ወንድሟ እንግዶቹን በሀብታቸው ያስተዋውቃል። «እሳቸው ባለ ፎቁ ናቸው። ይሄ ደግሞ ባለ መኪኖቹ፤ ጎማ ሲፈነዳበት መኪናውን ነው የሚቀይረው!» ተሳቀ። እሷ ጋ ደረሰ።

«እሷ... ወንበሮቹን ያለበሰችልን ናት።»

«እጅሽ ይባረክ» አሉ ባለ ፎቁ። «ለመሆኑ ስንት ታስከፍያለሽ?»

«እንደ ሰዉ ነው» አለች።

ምሳ ቀረበ፤ ሁሉም ተቀመጠ። እሷ ግን ከመጋረጃው ወደ ወንበሮቹ እየተመላለሰች የክር ጭራ ትለቅማለች፣ ያልተጣመመውን ታቃናለች።

«ኧረ ተቀመጪ እትዬ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» አለች የወንድሟ ሚስት።

«በከፈለኝ ሰው ቤት አልቀመጥም።»

ማንኪያዎቹ ባሉበት ቀሩ። ወንድሟ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«በነፃ ላሠራሽ ነበር እንዴ? ይሄ ሰው ምን ይለኛል? ላክብርሽ ብዬ እኮ ነው!»

«ማሙሽ፣ አክብረኸኝማ ቢሆን ማን እንደሆንኩ ትነግራቸው ነበር።» ፖስታውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «የጨርቁን ወስጃለሁ፤ ሱቅ ከፍዬበታለሁ። የእጄ ግን ያውልህ።»

«ታዲያ ምን ልስጥሽ? ንገሪኝ!»

ዓይኗ የእሱ ወንበር ላይ አረፈ። ሲነሳ ስቦት ነው መሰል፣ ጥጉ ላይ ስፌቱ ተተርትሯል። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች።

«ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። አስገባልኝ።»

ሰው ሁሉ ያየዋል። ክሩን ያዘ፤ ሳተ። ደግሞ ሳተ። የወርቅ ሰዓቱን ፈታ። ክሩን ምራቅ አስነካና፣ እንደ ልጅነቱ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ ሳይታወቀው ማንጎራጎር ጀመረ፤

«...ሁላችንን ሰፍተሽ፣ አንድ ላይ እንብላ።»

ያቺ ናት! ይህን ሁሉ ዘመን የጠፋችባት ስንኝ እሱ ዘንድ ነበረች።

«እታለም፣ እንኪ!» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ፊቱ እንደቀላ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «እህቴ ናት። እሷ ናት ያሳደገችኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀድመህ አትናገርም?» አሉ ባለ ፎቁ። «ዋጋ አስጠየቅከኝ እኮ!»

እሷ የተተረተረውን ጠቀም ጠቀም አድርጋ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያንኑ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ ወንድሟ ሌላ ወንበር ፍለጋ ሄደ።

ሾርባው በርዷል። ቀመስ አደረገችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለችና መብላቷን ቀጠለች።