የአባዬ ኤድሰል

በማስተምርበት ክፍል፣ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ አንድ ቢጫ የፍላኔል ጨርቅ አለ። ጠመኔ ፍለጋ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር የመኪና መወልወያ ቅባት ይሸታል። አጥቤዋለሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ግን መሳቢያውን ቶሎ አልዘጋውም።

አባዬ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ውስጥ በአንድ ጋራዥ የተጋጩ መኪኖችን እየቀጠቀጠ ቀለም ይቀባ ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ዝናብና በረዶ የበላው አንድ ኤድሰል ቆሞ ነበር። ኤድሰል ምን እንደሆነ ላስረዳ፦ አሜሪካኖች ብዙ አውርተውለት ካወጡት በኋላ፣ ገበያ ሲያጣ በሦስት ዓመቱ የተውት መኪና ነው። ፊቱ መሀል ላይ ትልቅ ሞላላ ቀዳዳ አለው። የአባዬው ደግሞ ማርሹ የሚለወጠው በመሪው መሀል በተደረደሩ አዝራሮች ነበር። በሌላ መኪና ክላክስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የዚህኛው ክላክስ ግን መሪው ላይ የተገጠመ ቀጭን ቀለበት ነው።

"ልጄ ስትዳር በዚህ ነው የምትሄደው" ብሎ ጀመረው። ያኔ ገና ሃይስኩል ነበርኩ። ቅዳሜ ማታ ስቱኮና ቤንዚን እየሸተተ ሲገባ እናቴ፣ "የእኔን መጋረጃ የሚሰቅል ጠፋ፤ እሱ ለአሮጌ ብረት ጥርስ ያበቅላል" ትለው ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት መኪናው ክሬም ቀለም ተቀብቶ አለቀ። በሩ ላይ ፊቴ ይታየኝ ነበር።

ሠርጌ ሲቃረብ፣ "አባዬ፣ አንተ ራስህ ንዳው" አልኩት።

"የሙሽራ አባት ሾፌር ይሆናል እንዴ? መርቆ ከደጅ ይመለሳል እንጂ።"

"ይሄ እኮ ቶሮንቶ ነው።"

"ወጉ ግን የእኛ ነው" አለና ሳቀ። እየሳቀ ያንን ቢጫ ጨርቅ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል።

በሠርጉ ቀን ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከፎቃችን ሥር፣ የሙሽራው ሚዜ ቁልፉን ተቀበለ። "ጋሼ፣ ይሄን መኪና ሲያዛጋ ነው እንዴ የሠሩት?" ሲል አጃቢው ሁሉ ሳቀ። አባዬ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። "ይቺን ስትጫን ይሄዳል፤ ክላክሱ ግን..." ብሎ ሳይጨርስ አጎቴ ከኋላ፣ "ኧረ ቄሶቹ ቆመዋል፣ ልቀቃቸው" አለው። ሚዜውም፣ "ጋሼ፣ አያስቡ፤ ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ" አለ። አባዬ እጁን ከመስኮቱ አነሳ። ስንታጠፍ ዞሬ አየሁት። ጨርቁ ከአዲሱ ሱፉ ኪስ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር።

ኤግሊንተን ዌስት፣ የጃማይካውያኑ ሰፈር ስንደርስ የአጃቢዎቹ መኪኖች ክላክሳቸውን ያቀልጡት ጀመር። ከጸጉር ቤቶቹ የወጡ ጃማይካውያን እጃቸውን ያወዛውዙልናል። የሙሽራ መኪና ዝም ብሎ አይሄድምና ሚዜውም የመሪውን መሀል በመዳፉ መታው። አልጮኸም። አሁንም ደጋግሞ መታው። ከሥር የሆነ ነገር ተንቋቋ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ፤ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከጸጉር ቤቱ የመጡት ሰዎች ገፍተው ጥግ አስያዙት። እኔ ቬሎዬን ሰብስቤ የአጎቴ ቫን ውስጥ ገባሁ።

ለመልስ ወላጆቼ ቤት ስንሄድ ሚዜው አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባዬ፣ "ያረጀ ዕቃ ነው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" አለው። ከዚያም መኪናውን ጠገነው። ግን አንድም ቀን "ነይ ግቢ፣ ዞር ዞር እንበል" አላለኝም። እኔም ቁስሉን የምነካበት መስሎኝ ውሰደኝ አላልኩትም። ክረምቶች እንዲሁ አለፉ።

ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሊገዛው መጣ። አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ አዝራሮቹን አንድ በአንድ አስረዳው። የክላክሱን ቀለበት አስጫነው፤ አሁንም አስጫነው። የሚያቻኩለው ሰው አልነበረም።

ሰውየው ሲወርድ፣ "ብዙ ሄደውበታል?" ብሎ ጠየቀው።

"ልጄን ለሠርጓ ወስጄበታለሁ" አለ አባዬ በእንግሊዝኛ።

ሰውየው ፈገግ ብሎ ከመኪናው ጎን ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ።

"አዎ" አልኩት፤ "መንገዱን ሙሉ ክላክሱን እያስጮኸ ነው የወሰደኝ።"

አባዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ጨርቁን አራት ላይ አጠፈና እጄ ላይ አስቀመጠው።