የአንድ ጥሪ ናፍጣ

ከሽንፋ ወጣ ብሎ ባለ የስልክ ማማ ሥር ጄኔሬተር ጠባቂ ነኝ። ናፍጣ እሞላለሁ፤ ጠዋትና ማታ ታንከሩን ምልክት ባወጣሁለት ዘንግ እለካለሁ። በዚያ ክረምት መንገዱን የዋልካ ጭቃ ዘጋውና የናፍጣው መኪና ቀረ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጭልጋ፣ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። በየቀኑ ትደውላለች። እኔም ከዘንጉ ጋር ስውል ቆጣቢ ሆኜ አረፍኩት። «አሳጥሪው፤ ወሬያችን ናፍጣ እየጠጣ ነው» እላታለሁ። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ቀጥሎ ሳቋ ቀነሰ፤ ከዚያ ጥሪዋም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ያኔ ግን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ለሰሊጥ አረም የመጡት ሠራተኞች ሥራ ስለሌላቸው አጥሬ ጥግ ተደርድረው ስልካቸውን ያዙ። አንዱ ላሟ ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሌላው ከእናቱ ጋር ይከራከራል።

«ምናለ ብታሳጥሩት?» አልኩ።

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ሳምንት ሙሉ ያፈንነው ወሬ ነው፤ ተወን» አለኝ አንዱ ጎጃሜ።

አመሻሽ ላይ እየተነጫነጭኩ ዘንጉን ነከርኩ። ናፍጣው የወረደው ልክ እንደ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከቤት ዘግቶት፣ አጥሬ ጥግ አንድም ደዋይ ሳይኖር የዋለ ቀን ነበር። ደግሜ ነከርኩ፤ ያው ነው።

ጎንደር ላለው ባለሙያ ደወልኩ።

«ማማው ሰው አወራም አላወራም ነቅቶ መቆም አለበት» አለኝ። «አብዛኛውን የሚበላው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ አንድ ጥሪ ስንት ይፈጃል?»

«እሱን መናገር ይከብዳል። ሙቀቱ አለ፤ የጄኔሬተሩ እርጅና አለ፤ ጥሪው የሚያልፍባቸው ሌላ ቦታ ያሉ ማሽኖችም አሉ። የአንተን ድርሻ ማን ይለየዋል?»

ደስ አለኝ። ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ያነሱት ግን አማቴ ናቸው።

«ጤና ጣቢያ ነን። ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል» አሉኝ። «ልደውልለት ብል ናፍጣው ያልቅበታል ብላ ከለከለችኝ።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ስልኩን እንዳይዘጉት ለመንኳቸው። ጄኔሬተሩ ጆሮዬን እንዳይነሳኝ ወደ ማሽላው ማሳ ራቅ ብዬ ቆምኩ። የሴቶች ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ የአማቴ ጸሎት ይሰማኛል። በመጨረሻ የልጄ ለቅሶ መጣ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ቆይቶ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጧት። ድምፅዋ ደክሟል።

«እስካሁን አልዘጋህም?» አለችኝ።